ቃሉን የሚይዝ ሰው

ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ከባድ መኪና አዋሽ ሰባት ኪሎ ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈልበታል። አንዱ ወደ ድሬዳዋ ይሄዳል፤ ሌላው የአዋሽን ሸለቆ ይዞ በገዋኔና በሚሌ በኩል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይቀጥላል። ቦቴውም ተሳቢውም የሚበዛው በሁለተኛው ነው። ሎግያና ሰመራ ላይ ጎማ ይታያል፣ ምሳ ይበላል፤ ከዚያ በሰርዶና በዲቼቶ አድርጎ የጅቡቲ ድንበር ላይ ያለችው ገላፊ። ኢትዮጵያ ከባሕር ማዶ ከምትሸምተውና ከምትሸጠው ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ ያልፋል፤ ገላፊ ኬላ ላይ የሚሰለፈው መኪና ብዛት ከዚህ የመጣ ነው።

በዚያ ሰልፍ ውስጥ ወረፋውን የሚጠብቅ አንድ ሹፌር፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ባለፈበት ቀን፣ ቀኝ እጁ ቢከዳው፣ አፉ ቢጣመምና ምላሱ ቢተሳሰር ምን ይሆናል? ምሳሌው የታሰበ ነው፤ ሰውየው ግን በየጋራዡ የሚገኝ ነው። ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ፣ የደም ግፊት ክኒኑን አንድ ቀን ወስዶ ሦስት ቀን የሚረሳ። ረዳቱ በተገኘው መኪና ጭኖ ወደ ኋላ፣ ወደ ሰመራ ይመልሰዋል። ከሰመራ አጠገብ የዱብቲ ሆስፒታል አለ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ለሆነ የአፋር ሕዝብ ዋናው የሪፈራል ሆስፒታል ሆኖ የቆየ ነው። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሐኪሙ በሽተኛውን ካየ በኋላ ዞሮ የሚጠይቀው ጥያቄ በኢትዮጵያ ሆስፒታል ሁሉ አንድ ነው፦

«አስታማሚው ማነው?»

አስታማሚው አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላው፣ ሹፌሩን ካወቀው ሦስት ወር የሆነው ረዳት ነው። ሚስት አዳማ ናት። ታላቅ ወንድም ደሴ አለ። ትልቋ ልጅ ጅዳ ትሠራለች፤ የሕክምናውን ገንዘብ የምትልከውም እሷ ናት። ሐኪሙ ግን አሁን መልስ ይፈልጋል። ሪፈር ተጽፎለት ወደ 600 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ይግባ? መንገድ ላይ ቢደክም የመተንፈሻ ቱቦ ይግባለት? ተስፋው የመነመነ ከሆነስ እዚሁ ይቆይ ወይስ ቤቱ ገብቶ በልጆቹ መሐል ይረፍ? ሚስት «ይምጣልኝ» ትላለች፣ ወንድም «አዲስ አበባ ካልገባ ደሙ በእጃችሁ ነው» ይላል፣ ልጅ ስልክ ላይ ታለቅሳለች። ለዚህ ሁሉ መልስ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ምላሱ ተሳስሯል።

የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ያ ሹፌር በደኅናው ቀን ማንን ምን ብሎት ነበር የሚለው ነው።

ጥያቄው የድሃ አገር ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች ይህን የተማሩት በፍርድ ቤት ነው፤ ያውም በውድ ዋጋ። ካረን አን ኩዊንላን የምትባል የ21 ዓመት ወጣት እ.ኤ.አ. በ1975 ራሷን ሳተች። ወላጆቿ የመተንፈሻ ማሽኑ ይነሣላት ብለው ቢጠይቁ ሐኪሞቹ እምቢ አሉ። የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በማግሥቱ ዓመት ለወላጆቿ ፈረደ፤ ማሽኑ ተነሣ። ማሽኑ ሲነሣ ትሞታለች የተባለችው ልጅ ግን በራሷ ሳንባ እየተነፈሰች እስከ 1985 ቆየች። የቴሪ ሻቮ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይከፋል። በ26 ዓመቷ፣ በ1990፣ ልቧ ቆሞ ተመለሰ፤ አእምሮዋ ግን አልተመለሰም። ባሏ «እንዲህ ሆና መኖር እንደማትፈልግ ነግራኛለች» አለ፤ ወላጆቿ «ልጃችን እንዲህ አትልም» አሉ። ክርክሩ ከፍርድ ቤት አልፎ ኮንግረሱንና ፕሬዚዳንቱን አዳርሶ በመጋቢት 2005 የመመገቢያ ቱቦው ሲነሣ አበቃ። ራሷን ከሳተች አሥራ አምስት ዓመት! የተጻፈ አንድ ወረቀት ቢኖር ኖሮ ወይም ባልና ወላጅ በአንድነት የሰሙት አንድ ቃል ቢኖር ኖሮ ክርክሩ የሚጀመርበት ምክንያት ባልኖረ።

የአሜሪካ ኮንግረስ በ1990 ያወጣው ሕግ በመንግሥት የጤና መድን የሚከፈላቸው ሆስፒታሎች አዋቂ ታካሚን ሁሉ እንዲጠይቁ ያስገድዳል፦ ራስህን ብትስት ምን እንዲደረግልህ፣ ማን እንዲወስንልህ የጻፍከው አለ? ዋሽንግተንና ሎስ አንጀለስ ያሉ ኢትዮጵያውያን አረጋውያን ይህን ጥያቄ ለጉልበት ሕመም ሄደው ሲጠየቁ ይደነግጣሉ። «ልብዎ ቢቆም ደረትዎን እንጫን?» የሚል ነርስ ለእነሱ ሟርተኛ ነው። ልጆቻቸው ሲያስተረጉሙ ጥያቄውን አለስልሰው፣ አንዳንዴም ጨርሰው ዘለውት ያልፋሉ።

ይህን ነገር በጥሞና ያጠኑት የሥነ ሰብእ ተመራማሪዋ የውብዳር በየነ ናቸው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ ሳሉ በ1992 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የአሜሪካ ሐኪሞች ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች ከባድ ሕመምን በቀጥታ መንገራቸው እንዴት እንደ ጭካኔ እንደሚቆጠር አሳዩ። በኢትዮጵያውያኑ ዘንድ ክፉ ወሬ መጀመሪያ የሚነገረው ለቤተሰብ ወይም ለቅርብ ወዳጅ ነው፤ እሱ ጊዜና ቦታ መርጦ ለታማሚው ያደርሳል። ማታ አይነገርም፤ ታማሚው እንቅልፍ እንዳያጣ። መርዶ ነጋሪ ጎሕ ሳይቀድ ሰዎች አስከትሎ የሚሄድበትን ልማድ የሚያውቅ አንባቢ ይህ አይገርመውም። ክፉ ወሬ ሰው ሳይኖር ሰው ላይ አይጣልም።

ልማዱ ሞኝነት አይደለም። የሰውን ልብ የሚያውቅ ትውልድ የሠራው ነው፤ ሐኪም ቤት ደጃፍ ላይ ብቻውን ካንሰር እንዳለበት ተነግሮት ታክሲ ፍለጋ የሚወጣ ሰው ያየ ሁሉ ይህን ይመሰክራል። ችግሩ ቤተሰቡ መጀመሪያ መስማቱ ላይ አይደለም። ችግሩ ቤተሰቡ ሰምቶ እዚያው ማስቀረቱ ላይ ነው። «ለእሱ እንዳትነግሩት» ይባላል፤ ታማሚውም ከልጆቹ ፊት ላይ ያነብና «እንዳወቅሁ እንዳያውቁ» ብሎ ዝም ይላል። ሁለቱም እየተሳሰቡ፣ መናዘዝ የሚገባው ሳይናዘዝ፣ ዕዳውን የሚናገረው ሳይናገር፣ የት ልቀበር የሚለው ሳይል ያልፋል።

የኢትዮጵያ ሕግ በዚህ ጉዳይ ሰዎች ከሚገምቱት በላይ ይናገራል፤ ከሚፈለገው ግን ያንሳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 20 ማንም ሰው በማንኛውም ጊዜ የሐኪም ምርመራን ወይም ሕክምናን እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ስለዚህ «ቱቦ አይግባልኝ» ማለት ሕግ መጣስ አይደለም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ራሱን እንዲገድል የሚገፋፋውን ወይም የሚረዳውን ነው። የማይጠቅም ሕክምናን ትቶ ሞትን በጊዜው መቀበልና ሞትን ማፋጠን ለሕጉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚሠቃየው እነዚህን ሁለቱን ስለሚያምታታ ነው።

ያ ቁጥር 20 ግን የሚሠራው አፍ ሲኖር ነው። ራሱን የሳተ ሰው እምቢ ማለት አይችልም። ብዙ ሰው «ኑዛዜ አለኝ» ብሎ ይጽናናል፤ ኑዛዜ ደግሞ የሚናገረው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው። ቤቱ ለማን እንደሚሆን ይናገራል፤ ዛሬ ማታ አይሲዩ ይግባ አይግባ አይናገርም። ሕጉ ከሚያውቃቸው ሦስት የኑዛዜ ዓይነቶች በግልጽ የሚደረገው በአራት ምስክሮች ፊት የሚነበብ ነው፤ ሁለተኛው ተናዛዡ ሙሉውን በእጁ የሚጽፈው ነው። ሦስተኛው በቃል የሚደረገው ሲሆን፣ ለመንገድ ሰው የሚቀርበው ይሄ ይመስላል፤ ሞቱ እንደቀረበ የተሰማው ሰው ለሁለት ምስክሮች ይናገራል። ግን ወሰኑ ጠባብ ነው፦ ስለ ቀብሩ ማዘዝ፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር ያልበለጠ ስጦታ መተው፣ አካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች አሳዳሪ መሰየም። ሰውየው ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ ቃሉ ይፈርሳል። አምስት መቶ ብር በ1952 ዓ.ም. ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ አንድ ጎማ አይገዛም። ራስን ከመሳት በኋላ ስለሚሆነው ሕክምና የሚናገር፣ በአገሪቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ራሱን የቻለ ሰነድ የለም።

ሕጉ የተወውን ክፍተት የሚሞላው ቤተሰብ ነው ማለት ነው። ጥሩ። ቤተሰቡ ግን በምን ዕውቀት ይሙላው?

እዚህ ላይ የገላፊ መንገድ የሚያልፍበት አገር የራሱ መልስ አለው። አፋሮች ዳጉ የሚሉት የወሬ ልውውጥ አላቸው። ሁለት መንገደኞች በረሃ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ይጠያየቃሉ፦ ከየት መጣህ፣ ዝናብ የት ጣለ፣ ግጦሹ እንዴት ነው፣ ማን ታመመ፣ ማን ሞተ። ሰሚው በጥሞና ይሰማል፤ ወሬውን ወደሚቀጥለው ሰው ማድረስ ግዴታው ነው። ዳጉን ከተራ ወሬ የሚለየው ጥንቃቄው ነው። ያየኸውን አየሁ፣ የሰማኸውን ሰማሁ ትላለህ፤ የጨመረበት ወይም ያዛባ ሰው በማኅበረሰቡ ዘንድ ቃሉ ይረክሳል። የሞባይል ስልክ ከመግባቱ በፊትም ሆነ ከገባ በኋላ አፋር ውስጥ ወሬ በዚህ መንገድ ይፈጥናል፤ ታማኝነቱም የሰውየው ክብር ነው።

ታማሚ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ሰው ነው። ከልጆቹ ሁሉ አብዝቶ የሚያለቅሰውን ወይም ብዙ ገንዘብ ያወጣውን ከመምረጥ፣ «አባታችን ይህን ብሏል» ብሎ የራሱን ምኞት ሳይቀላቅል የሚያደርሰውን መምረጥ ይሻላል። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ውሳኔው በልማድ ለታላቅ ወንድ ልጅ ወይም ውጭ አገር ላለው ከፋይ ይሰጣል። ከፋዩ ሩቅ ስላለ፣ በሩቅነቱም ስለሚጸጸት፣ ሁልጊዜ «አድርጉለት፣ ሁሉን አድርጉለት» ይላል። አልጋው አጠገብ የምታድረዋ ትንሿ ልጅ የአባቷን ፍላጎት ታውቃለች፤ የሚጠይቃት የለም።

ሃይማኖቱስ? በዚህ መንገድ ላይ የሚያልፉት ሁለቱ ታላላቅ እምነቶች ዝግጅትን አይጠሉም፤ እንዲያውም ያዝዛሉ። ሙስሊሙ የሚናዘዝበት ነገር እያለው ኑዛዜውን ሳይጽፍ ሁለት ሌሊት እንዳያድር በነቢዩ ሐዲስ ተመክሯል። የኦርቶዶክስ ምእመን የንስሐ አባቱን የሚጠራው በደኅና ቃሉ እንዲናዘዝ ነው። ስለ ማሽኑም ቢሆን የእስልምና ሊቃውንት ተነጋግረውበታል፦ የእስላማዊ ትብብር ድርጅት የፊቅሕ አካዳሚ በጥቅምት 1986 እ.ኤ.አ. አማን ላይ ተሰብስቦ፣ አንጎሉ ሙሉ በሙሉ መሞቱ በሐኪሞች የተረጋገጠ ሰው ላይ የተሰካውን ማሽን ማንሣት እንደሚፈቀድ ወስኗል። ዱብቲ ላይ ያለ ቤተሰብ ይህን ባያውቅ ሸኹን ይጠይቅ፤ ዋናው ነገር ጥያቄው ማሽኑ ከመሰካቱ በፊት መጠየቁ ነው።

ቀብሩ ላይ ግን መንገዱ ይለያያል። የአፋሩ ሙስሊም በሞተበት ቀን፣ በሞተበት አቅራቢያ ይቀበራል፤ ቤተሰቡ ስለ አስከሬን ማጓጓዝ አይጨነቅም። ከደሴ ወይም ከደብረ ብርሃን የመጣው ክርስቲያን ሹፌር ደግሞ ፍትሐቱ በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን እንዲደረግለት፣ እድርተኛው እንዲሸኘው ይመኛል። አስከሬን በዚያ ሙቀት መቶዎች ኪሎ ሜትር ማጓጓዝ ከሕያው በሽተኛ ይልቅ ውድ ነው፤ ጅቡቲ ከተሻገረ በኋላ ከሞተ ደግሞ ወረቀቱ ይጨመራል። ብዙ ቤተሰቦች በሽተኛቸውን ነፍሱ ሳትወጣ ከሆስፒታል የሚያወጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ፈርመው ያወጣሉ፣ መንገድ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ዕድሜ ልክ «እኛ ገደልነው» ይላሉ። ሰውየው አስቀድሞ «የሞትኩበት ቅበሩኝ» ወይም «እናቴ አጠገብ ውሰዱኝ» ቢላቸው ኖሮ ያ ጸጸት ባልኖረ።

ገንዘቡም መነጋገር ይፈልጋል፤ ኢትዮጵያዊ ሲታመም ስለ ገንዘብ ማውራት ነውር ነው። ኩላሊቱ የከዳ ሰው እጥበት ብዙ ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን ያስፈልገዋል። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በመስከረም 2015 እ.ኤ.አ. የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲጀምር ሌላ ጥያቄ አብሮ መጣ፤ ኩላሊቱን የሚሰጠው በሕይወት ያለ ዘመድ ነው። ቤት ተሽጦ እጥበቱ ይቀጥል? የሃያ ዓመቱ ልጅ ይስጥ? አባት ራሱ «ቤቱን እንዳትሸጡ፣ ልጄንም እንዳትነኩ» ብሎ ካልተናገረ፣ ይህን ቃል ሊለው የሚችል ልጅ የለም። ይህ ቃል ከአባት አፍ ካልወጣ ከማንም አፍ አይወጣም።

ስለ ሞት ሲወራ የሚረሳው ደግሞ ሕመሙ ነው። «ሕክምና ይቁም» ማለት «ይሠቃይ» ማለት አይደለም። ሲስሊ ሳውንደርስ በ1967 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ቅዱስ ክሪስቶፈር የተባለውን ማረፊያ ስትከፍት ያሳየችው፣ የማይድን ሰው ሕመም ሊታከም እንደሚችል ነበር። ለአፍሪካ የቀረበው ትምህርት ከኡጋንዳ መጣ፦ ሐኪሟ አን ሜሪማን በ1993 ካምፓላ ላይ ማረፊያ መሥርታ፣ የሚጠጣ ሞርፊን ከዱቄትና ከውኃ በርካሽ እየተዘጋጀ በሽተኛው ቤት ድረስ እንዲሄድ አደረገች። ኡጋንዳም ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዙ ፈቀደች። በኢትዮጵያ ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን በ2003 እ.ኤ.አ. ሆስፒስ ኢትዮጵያን አዲስ አበባ ላይ መሠረቱ፤ ነርሶቹ በየቤቱ እየሄዱ የካንሰርና የሌላ ከባድ ሕመም ታማሚዎችን ያያሉ። ጤና ሚኒስቴር በ2016 እ.ኤ.አ. የማስታገሻ ሕክምና መመሪያ አውጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት ግን ያስደነግጣል፦ በዓለም ላይ በየዓመቱ 56.8 ሚሊዮን ሰው ይህ እንክብካቤ ያስፈልገዋል፤ የሚያገኘው 14 በመቶ ያህሉ ነው። አፋር ክልል ውስጥ ከአርብቶ አደሩ ጋር እየተጓዙ የሚያክሙ ጤና ሠራተኞችን ማሠልጠን እንደሚቻል የአፋር አርብቶ አደሮች ልማት ማኅበር ከነርሷ ቫለሪ ብራውኒንግ ጋር ለዓመታት አሳይቷል። ለእናቶችና ለሕፃናት የተሄደው ያ መንገድ በሕመም ለሚያቃስተው ሽማግሌ የማይሄድበት ምክንያት የለም። ለጊዜው ቤተሰብ ማድረግ የሚችለው ሐኪሙን በግልጽ መጠየቅ ነው፦ «አይድንም ካላችሁ፣ ሕመሙን ምን ትሰጡታላችሁ?» ሞርፊን ይገድላል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም፤ በልኩ ሲሰጥ እንቅልፍና እፎይታ ነው።

ወሬው እንዴት ይጀመራል? በቀጥታ «ስትሞት ምን እናድርግ?» የሚል ልጅ በርጩማ ይወረወርበታል። በሌላ ሰው በኩል መግባት ይቀላል። ጎረቤት ከሞተ በኋላ፣ ከለቅሶ መልስ፣ ቡና ላይ፦

«አባባ፣ የጋሼ አሟሟት እንዴት አዩት?»

«እንዴት አየሁት? ሁለት ወር በቱቦ ታስሮ! ሚስቱን ሳያናግር ሄደ እኮ።»

«እርስዎ ቢሆኑስ ምን ይሉ ነበር?»

«እኔንማ ቤቴ አድርሱኝ። ክፉ አታናግረኝ ደግሞ።»

በዚህች ምልልስ ውስጥ ከግማሽ በላይ ነገር አልቋል። ልጁ ያን ቀን ለእናቱና ለእኅቱ ይንገር፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ አባቱ በእነሱ ፊት እንዲደግመው ያድርግ። አንድ ሰው ብቻ የሰማው ቃል በቀውጢው ጊዜ አይታመንም፤ ቴሪ ሻቮን ማስታወስ ይበቃል። የሚቻል ከሆነ በወረቀት ይስፈር፣ አባትየው ይፈርሙበት፣ ሁለት ሰዎች ይመስክሩበት። ሕጉ ልዩ ቅጽ ባያዘጋጅለትም፣ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ያለ ሐኪም እንዲህ ያለ ወረቀት ሲያይ ከማን ጋር መነጋገር እንዳለበት ያውቃል። ሐሳብ ቢቀየር ወረቀቱ ይቀየራል።

በዚህ መንገድ ላይ የምትሠራ ሹፌር ከሆንክ ሥራው ዛሬ ማታ የሚያልቅ ነው። ሚስትህን ወይም ቃሌን አያዛባም የምትለውን ሰው ጥራና ንገረው፤ ስሙንና ስልኩን፣ ከእሱም ቀጥሎ የሁለተኛ ሰው ስምና ስልክ፣ የምትወስደውን መድኃኒት ጨምረህ በአንድ ወረቀት ጻፍ። ወረቀቱን ከሊብሬው ጋር አስቀምጥ፤ የት እንዳለም ለረዳትህ አሳየው።